ቃሊቲ ላይ የጠፋ ሰዓት ሚሌ ላይ አይገኝም

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ፣ ጎሚስታው ጋ አንድ ልጅ አገኘሁ። ከአይሱዙ ወደ ተሳቢ ገና መሻገሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጂቡቲ ሊወርድ ነው። ሰዓቱ ጠዋት ሁለት ተኩል። እሱ ገና ጎማ ያስነፋል፣ ረዳቱ ምሳ ሊያስጠቀልል ሄዷል፣ ናፍታም አልቀዱም። "ጋሼ፣ ማታ ሎጊያ ነኝ" አለኝ። ሎጊያ አፋር ውስጥ፣ ሰመራ አጠገብ ናት። ሳቄ መጣ። ወዲያው ዋጥኩት፤ እኔም በጀማሪነቴ ይህንኑ ብያለሁና።

በዚህ መስመር 17 ዓመት ተመላልሻለሁ። መኪናው ይለወጣል፣ የጀማሪው ስህተት አይለወጥም። ልጁ ስለቸኮለ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

አርፍዶ መነሳት

ከአዲስ አበባ ጂቡቲ በድንበሩ ኬላ በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን የዚህን መንገድ ሰዓት የሚወስነው ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ፀሐዩ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ከተነሳህ ሳይነጋ አዳማን ታልፋለህ። ቁርስህን መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ትበላለህ። ሙቀቱ ሳይበረታ መንገድ ይገፋልሃል። ጠዋት ሁለት ተኩል ከተነሳህ ግን አዋሽ የምትደርሰው አናት በሚበሳ ፀሐይ ነው። ከዚያ ወዲያ አፋር ነው። አስፋልቱ ይግላል፣ ጎማው ይግላል፣ አንተም ትግላለህ። ሚሌ ሳትደርስ ይመሻል።

እና ጀማሪው ምን ያደርጋል? ቃሊቲ ላይ የጣለውን አራት ሰዓት በጨለማ ከበረሃው ሊያስመልስ ይነሳል። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ጫት ይገዛል፣ ዘፈን ይከፍታል፣ መስኮት ያወርዳል። ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሲለቅህ ደግሞ ለቅቄሃለሁ ብሎ አይነግርህም። ዓይንህ እንደፈጠጠ አእምሮህ ይተኛል። ይሄን ስንት ጊዜ ለስንት ልጅ እንደነገርኩ! "እኔን አይዘኝም" ይሉኛል። እኔንም አይዘኝም ነበር።

የያዘኝ አዋሽ አርባን አለፍ ብዬ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ። ረዳቴ "ጋሼ፣ ግመል!" ብሎ ሲጮህ ነቃሁ። ግመሎቹ ተሰልፈው እያቋረጡ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዤ ከመንገድ ወጣሁና አሸዋ ውስጥ ተቀበርኩ። ሰውም ግመልም አልተነካም፣ ተመስገን። መኪናው የወጣው ግን በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ላተርፍ ብዬ 14 ሰዓት ከሰርኩ። ረዳቴ እስከ ጋላፊ አላናገረኝም።

ባለንብረቱ ይደውላል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጂፒኤስ ያያል። "ለምን ቆምክ?" ይልሃል። "ልተኛ" በለው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የመድረሻ ሰዓትም ቆርጠህ አትንገር። ሚሌ ላይ የጉምሩክ ኬላ አለ፤ ስንት መኪና ከፊትህ እንደተሰለፈ እዚያ ሳትደርስ አታውቅም። እኔ "ሚሌን ሳልፍ እደውላለሁ" ነው የምለው።

ሌሊት ለመነሳት ደግሞ ሁሉም ነገር በዋዜማው ማለቅ አለበት። የናፍታ ወረፋው በዋዜማው፣ ጎሚስታው በዋዜማው፣ መኪናው ፊቱን ወደ መውጫ አዙሮ ይደር። ከታች የሚመጡትን ሹፌሮች ስለ መንገዱ መጠየቅም ማታ ነው።

የጋለ ጎማ ማስተንፈስ

ይሄኛው ብልህነት የሚመስል ስህተት ነው። ቱሉ ዲምቱ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። እዚህ በብርድ የተነፋ ጎማ ሚሌ ሲደርስ ግፊቱ ይጨምራል። ጀማሪው ይለካና ይደነግጣል፤ ሊፈነዳ ነው ብሎ ያስተነፍሰዋል። ግፊቱ የጨመረው ስለጋለ ነው፤ ጎማው ሲሠራም ይህ ታስቦለታል። አየሩን ስትቀንስበት ጎማው ይልላል። የላላ ጎማ ጭነት ይዞ ሲሽከረከር ጎኑ ይታጠፋል፣ ከበፊቱ የበለጠ ይግላል፣ ያኔ እውነትም ይፈነዳል። ጎማ የሚለካው ሌሊት ከመነሳትህ በፊት፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው።

ጎን ለጎን በተጣመሩት ጎማዎች ላይ የውስጠኛው ቢተነፍስ ከውጭ አይታይም። በቆምክ ቁጥር በብረት ምታው። ደህናው ብረቱን ያነጥረዋል፣ የተነፈሰው ዱብ ይላል። ረዳትህን ብቻ አትላክ። የደከመው ረዳት ከመኪናው ሳይርቅ "ሁሉም ደህና ነው" ይልሃል።

የክፍያ መንገዱን ብር ኪስ መክተት

በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብሩ ይሰጥሃል። አንተ ግን ኪስህ ከተህ በገላን፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱ በአሮጌው መንገድ ትሄዳለህ። ባጃጅ፣ ጋሪ፣ አህያ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ። ያተረፍካት ብር በየባጃጁ ኋላ ስትረግጠው ለዋልከው የፍሬን ሸራ አትበቃም። ስለ ሌብነቱ እንኳን ምንም አላልኩም።

ናፍታ ለመቆጠብ ቁልቁለት በዜሮ መልቀቅ

አታድርገው። ፍሬን ብቻውን ሲይዝ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን አይዝም።

ወረቀት መርሳት

ሊብሬ፣ ቦሎ፣ መንጃ ፍቃድ፣ ፓስፖርት፣ ለጂቡቲ ቢጫ ካርድ (የኮሜሳ የመኪና መድን)። ሁሉም አንድ ቦርሳ ውስጥ። እኔ ፓስፖርቴን ቤቴ ቴሌቪዥኑ ሥር ትቼ ጋላፊ ደርሼ አውቃለሁ። ባለቤቴ በአውቶቡስ ሹፌር ሰመራ ድረስ ላከችልኝ። ሁለት ቀን ጠበቅኩ። እስከ ዛሬ ከበር ስወጣ "ፓስፖርት!" ትለኛለች። ዳቦ ልገዛ ስወጣም።

ድንጋይ ጥሎ መሄድ

መኪና ሲበላሽ ከኋላው ድንጋይ እንደረድራለን። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል፣ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ያድራል። ማታ የሚመጣው ሰው ደርሶበት ነው የሚያየው። ትሪያንግል ግዛ። ድንጋይ ካደረግክም ሳትነሳ አንሳው። ወገብህን ቢያምህም።

የመልሱን ሰዓት በመሄጃው መገመት

አብዛኞቻችን ባዶ ወርደን ሞልተን ነው የምንመለሰው። መመለሻው ደግሞ ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደጋ መውጣት ነው። መኪናው ያቃስታል፣ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ትቆማለህ። ኮንቴይነር ከሆነ የአራቱም ማዕዘን ሎክ መቆለፉን ወደብ ላይ በዓይንህ እይ። ሎኩ ያልተቆለፈ ኮንቴይነር አደባባይ ላይ ወርዶ ባጃጅ ሲጨፈልቅ አይቻለሁ። ባለባጃጁ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ነበርና ተረፈ።

ይሄን ሁሉ አልፈህ አዲስ አበባ ጫፍ ስትደርስ ለከባድ መኪና የሰዓት ገደብ አለ። ቤቴ የሚታየኝ ቦታ ቆሜ ሰዓት እስኪደርስ ጋቢና ውስጥ ስንት ጊዜ ተኝቻለሁ። ስለዚህ ለቤተሰብም "ለበዓሉ እደርሳለሁ" አትበል። የልጄ ክርስትና ዕለት ዱከም ነበርኩ። ጮማውን በስልክ ነው ያሳዩኝ።

ልጁ በአራተኛው ቀን ደወለ። ሎጊያ የገባው በማግስቱ ማታ ነው። አንድ ጎማ ፈንድቶበታል፤ ማን እንዳስተነፈሰው አልጠየቅኩትም። አሁን ጂቡቲ፣ ፒኬ 12 የሚባለው የጭነት መኪኖች ማቆሚያ ወረፋ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ እዚህ ስንት ቀን ይቆያል?" አለኝ።

"ውሃ አለህ?" አልኩት።