የድሮ ብስክሌት መሪ ሲያስቸግር፦ እጀታ፣ ቴፕና ደወል

ባህር ዳር ላደገ ሰው ብስክሌት ጌጥ አይደለም፣ እግር ነው። መሪው ወደ ታች የታጠፈ የድሮ የብረት ብስክሌት እጃችን ሲገባ ደግሞ አዲስ ልብስ ልናለብሰው እንቸኩላለን። ቀለሙን እናማርጣለን፣ ብረቱን ግን አንለካም። ወደ እኔ የሚመጣው ችግር አብዛኛው ከዚህ ይነሳል።

እጀታው ይሽከረከራል ወይም ይወልቃል

መጀመሪያ ልኩን እዩ። የከተማ ብስክሌት መሪ እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ታች የታጠፈው የእሽቅድምድም መሪ ግን 23.8 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ለኩት። ለሁለተኛው የሚሆነው ተጠቅልሎ የሚለብሰው ቴፕ ነው።

ልኩ ልክ ሆኖም ከተሽከረከረ፣ ሲገባ ምን እንደተቀባ ጠይቁ። በሳሙና ውሃ ወይም በዘይት ማስገባት ይቀላል። ግን ዘይቱ እዚያው ይቀራል፤ ሳሙናውም ዝናብ ሲነካው እንደገና ያሟልጫል። እኔ ይህን ያወቅኩት ቁልቁለት ላይ የቀኝ እጀታው ወልቆ እጄ ላይ ሲቀር ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያስደነግጠኛል። እጀታውን አውጡና ብረቱንም ውስጡንም በአልኮል ጥረጉ። ከዚያ ትንሽ አልኮል ወይም የጸጉር ስፕሬይ ነፍታችሁ ቶሎ ግፉት። አልኮሉ ተንኖ ያልቃል፤ ስፕሬዩ ደግሞ ሲደርቅ ያጣብቃል። እስከ ማግስቱ አትንዱት።

ላስቲኩ ራሱ ቀልጦ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ግን ፀሐይና ላብ ጨርሰውታል። አትድከሙ፣ ቀይሩት።

የቴፑ ጠርዝ ይገለበጣል

ይህ የሚሆነው ከመሃል ተጀምሮ ወደ ጫፍ ሲጠቀለል ነው። የሳር ቤት ክዳን አስቡ። ከታች ይጀመራል፣ የላይኛው የታችኛውን እየደረበ ይወጣል፤ ውሃው ሳይገባ የሚወርደው ለዚህ ነው። ቴፑም እንደዚያው ነው። ከታችኛው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ መሃል ውጡ። አንዱ ዙር የበፊቱን ሲሶ ወይም ግማሽ ይሸፍን። ሳትለቁ ወጠር አድርጉት፤ በተለይ የፍሬን መያዣው ጋ ስትደርሱ አትቸኩሉ። መሃል ሲደርስ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ሁለት ሦስት ዙር እሰሩት።

የጥጥ ቴፕ ለድሮ ብስክሌት ያምራል፣ ግን ቶሎ ይቆሽሻል። ከጠቀለላችሁ በኋላ እንጨት ሠሪዎች የቤት ዕቃ የሚያብረቀርቁበትን ሼላክ በቀጭኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት። ቀለሙ ይጠቁራል፤ ነጭ ገዝታችሁ ነጭ አትጠብቁ። ቆዳ ከሆነ ዝናብ ላይ አትተዉት፣ ሲርስም ፀሐይ ላይ አታድርቁት፤ ይሰነጠቃል።

እጅ ይደነዝዛል

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ ብዙ ጊዜ በመዳፍ ጠርዝ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ነው። ወፍራም እጀታ ከመግዛታችሁ በፊት ኮርቻውን እዩ። አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ክብደታችሁ ሁሉ እጅ ላይ ይወድቃል፤ አስተካክሉት። መሪውንም ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ግን ግንዱ (መሪውን ይዞ ወደ ብስክሌቱ አካል የሚገባው ብረት) ላይ ከተቀረጸው ወሰን በላይ አታውጡት፤ ሊነቀል ይችላል። ከዚያ በኋላም ካልተሻለ ከቡሽ የተሠራ ቴፕ ይሻላል።

የመሪው ጫፍ ክፍት ሆኗል

ይህን በቀላሉ አትዩት። ባዶው ቱቦ በውድቀት ጊዜ ሥጋን እንደ መብሻ ይቆርጣል። መክደኛው ከጠፋ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ልኩ ድረስ ቀርጻችሁ አጥብቃችሁ ክተቱ። ልጅ የሚነዳው ከሆነ ሳይከደን ከቤት አይውጣ።

ደወሉ አይገጥምም ወይም አይጮህም

የደወሉ ቀለበት ለ22.2 የተሠራ ከሆነ ወፍራሙ የመሪ መሃል ላይ አይዘጋም፤ የድሮው መሪ መሃሉ 25.4 ወይም 26 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሰፋ ያለ ቀለበት ጠይቁ። ገጥሞም ድምፁ ከታፈነ የፍሬን ገመድ ነክቶት ይሆናል። ብሎኑን በካቻቢቴ ላላ አድርጋችሁ ትንሽ አዙሩት። ቅርጫት ስትሰቅሉም መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ሞክሩ። ገመዱ ከተወጠረ ወይም ከተጣጠፈ ቅርጫቱን ወደ ፊት ግፉት።