ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሰሩ፣ ስራ ላይ ከተጎዳችሁ መጀመሪያ ይሄን አድርጉ

የስፌት ማሽን መርፌ ጣቴን የበሳኝ ቀን ሱፐርቫይዘሩ ፕላስተር ለጥፎልኝ "አብሽር፣ ሶስት ቀን እረፍ" አለኝ፣ እኔም የመረቀኝ መስሎኝ አመስግኜው ወጣሁ፣ ደሞዝ ሲገባ ሶስቱም ቀን ተቆርጧል። ለምን ስላቸው ተጎዳህ የሚል ወረቀት የለም አሉኝ።

ስለዚህ ደሙ እንደቆመ የዛኑ ቀን አስመዝግቡ። አሰሪው ስራ ላይ የደረሰ አደጋን መዝግቦ ለስራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ያለ ግዴታ ነው፣ ውለታ አይደለም። ክሊኒክ ስትሄዱም ካርዱ ላይ "ስራ ላይ የደረሰ" ተብሎ እንዲጻፍ ለሀኪሙ ንገሩት፣ አጠገባችሁ የነበሩትን ልጆች ስም ያዙ፣ ማሽኑን በስልክ ፎቶ አንሱት።

ህክምናው በአሰሪው ነው። ስራ መስራት እስካልቻላችሁ ድረስ ደግሞ የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩን 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዛ ያለውን 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላችኋል።

ከደሴ የምትመላለሱ ይሄን ልብ በሉ፣ ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሐረጎን ስትወርዱ መኪናው ቢጋጭ እሱም የስራ ላይ አደጋ ነው። በራሳችሁ ሂሳብ ሚኒባስ ከተሳፈራችሁ ግን በዚህ አይያዝም።

አሁን ዋናው ነገር። አሰሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው፣ የሚያመልጠው ሰራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተነገረውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከገባ ነው። ሁለተኛዋ ናት ብዙ ሰው የሚጠመድባት። ጓንትና ማስክ ሳይሰጣችሁ ተረክቤያለሁ ብላችሁ አትፈርሙ፣ ስልጠና ሳትወስዱም እንደዛው፣ ሁለቱንም በነጻ ማቅረብ የሱ ስራ ነው። ታርጌት አልሞላ አለኝ ብላችሁም የመርፌ መከለያ አታውልቁ። የኔ ማሽን መከለያ እኔ ሳልመደብበት በፊት ነው የወለቀው፣ ማን እንዳወለቀው እስካሁን አላውቅም፣ ግን አንተ ነህ ሊሉኝ ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ስለዚህ ማሽን ስትረከቡ የጎደለውን ጽፋችሁ ተረከቡ።

እምቢ ካሉ መጀመሪያ የሰራተኛ ማህበራችሁ ጋ፣ ካልሆነ የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ የሚያየው የከተማው ቢሮ ሄዳችሁ የስራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውን (ኢንስፔክተሩን) ጠይቁ። ሲሻለኝ እሄዳለሁ ብላችሁ አታስተኙት፣ የጊዜ ገደብ አለው። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጉት፣ አንዱ ላይ ተቀባዩ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ፣ እሱን እቤት አስቀምጡት፣ ፋብሪካው ሎከር ውስጥ እንዳትተዉት ደግሞ።