አዲስ መኪና ሲገዙ በተጨማሪ ጋራንቲ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ለወሎ ሰው

ሻጩ የሽያጭ ወረቀቱን እያዘጋጀ «ሁለት ዓመት ተጨማሪ ጋራንቲ ላስገባልዎት?» ይላል። ይሄ የፋብሪካው ጋራንቲ ካለቀ በኋላ የሚቀጥል፣ ለብቻው የሚከፈልበት ጋራንቲ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «ስንት ብር ነው?» ብሎ ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይሄ ብዙ ክፋት የለውም። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይም ወልድያ ለሚኖር ግን ዋጋው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ጥያቄ መሆን አለበት።

«የት ነው የሚሠራው?» ሳይሉ መክፈል

ከሁሉም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይሄ ነው። መኪናው ሲበላሽ ጋራንቲ የሰጠው ድርጅት ብሩን ቆጥሮ አይሰጥዎትም። እሱ በመረጠው ጋራዥ፣ በእሱ መካኒክና በእሱ መለዋወጫ ነው የሚያሠራልዎት። ጋራዡ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መኪናው የሚነዳ ከሆነ የመንገዱ ወጪ፣ አልጋና ምግብ፣ ከዚያም ሥራ የቀረበት ቀን አለ። የማይነዳ ከሆነ ደግሞ በሎቤድ ተጭኖ ጣርማበርን መሻገሩ ነው። ለጭነቱ የሚከፍለው ማነው? ውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ እርስዎ ነዎት።

በቁጥር እንየው። ለሁለት ዓመት 100,000 ብር ተጠየቁ እንበል። የመስኮት ሞተር ተበላሸ፤ ወይም የራዲያተር ፋን መዞር አቆመ። ደሴ ውስጥ ጥሩ ኤሌክትሪሻን ጋ ወስደው በአንድ ቀን ያሠሩታል። ለዚህ ብሎ ማን አዲስ አበባ ይወርዳል? ማንም። ስለዚህ ጋራንቲው በወረቀት ላይ ሃምሳ ነገር ቢሸፍንም፣ ከወሎ ሆነው የሚጠቀሙበት ለትልልቁ ብቻ ነው፤ ለሞተር፣ ለካምቢዮ፣ ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ። 100,000 ብሩንም ማመዛዘን ያለብዎት ከነዚህ ጋር ብቻ ነው። እንዲህ ሲታይ ብዙ ጊዜ ውድ ነው።

ጋራንቲ ሰጪዎቹ ወሎ ውስጥ በስማቸው የሚሠራ ጋራዥ ካላቸው ግን ነገሩ ይለያል። «እዚያው አሠርተው ደረሰኝ ያምጡ፣ እንተካለን» ካሉና ይህን በጽሑፍ ከሰጡም እንዲሁ። ያኔ ስለ ዋጋው መነጋገር ይቻላል። እንዲህ ያለ ውል ካገኙ እኔም ይግዙት እላለሁ፤ በተለይ መኪናውን ስድስት ሰባት ዓመት የመያዝ ሐሳብ ካለዎት።

የማን ጋራንቲ እንደሆነ አለመለየት

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ገበያውን የያዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። አብዛኞቹ ከቻይና ነው የሚመጡት። በአምራቹ ወኪል በኩል የገቡ አሉ፤ በግል አስመጪ በጅቡቲ በኩል የገቡም አሉ። ልዩነቱ በመልካቸው አይታወቅም። ጋራንቲያቸው ግን የተለያየ ነው።

ብዙ አምራቾች ለባትሪው ለብቻው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ጋራንቲ ይሰጣሉ። ሻጩም ይህንኑ ከካታሎጉ ላይ ያነብልዎታል። ነገር ግን ለቻይና ገበያ ተብሎ የተሠራ መኪና ሌላ አገር ሲሸጥ የፋብሪካው ጋራንቲ አብዛኛውን ጊዜ አብሮት አይሻገርም። ስለዚህ የሚፈልጉት ካታሎግ ሳይሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ድርጅት የፈረመበትና ማኅተም ያደረገበት ወረቀት ነው። ተጨማሪ ጋራንቲውን የሚሸጠው ሱቁ ራሱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ከሦስት ዓመት በኋላ ሱቁ በቦታው ይኖራል? ትናንት ተከፍቶ ዛሬ መኪና ከሚሸጥ ቤት የአምስት ዓመት ተስፋ መግዛት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ባትሪው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የባትሪ ጋራንቲ ሲባል ባትሪው አቅሙ በቀነሰ ቁጥር ይቀየራል ማለት አይደለም። በብዙዎቹ ውሎች የመያዝ አቅሙ ከአዲስነቱ 70 በመቶ በታች ካልወረደ አይነኩትም። 75 በመቶ ላይ ያለ ባትሪ ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ቻርጁ እንዴት ቶሎ እንደሚወርድ ያስቡት። ለጋራንቲው ግን ጤነኛ ነው።

ዓመቱን ብቻ ማየት

«አምስት ዓመት» የሚለው፣ የፋብሪካውና ተጨማሪው ተደምሮ፣ በትልቁ ይጻፋል። ከሥሩ «ወይም 150,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በሞላው» ይላል። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 240። በወር 25 ቀን የሚመላለስ ሰው በወር 6,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። 150,000ው በ25 ወር ያልቃል። ሰውየው የከፈለው ለአምስት ዓመት ነው፤ ያገኘው ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ነው። የፋብሪካው ጋራንቲ 100,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ እሱ ብቻውን ወደ 17ኛው ወር ያደርሰው ነበር። እንግዲህ ተጨማሪ ብሎ የገዛው ስምንት ወር ብቻ ነው።

ሰው ጭነው ለሚሠሩ ደግሞ የባሰ አለ። ብዙ ውሎች መኪናው ለንግድ ከዋለ ጋራንቲው ይቀራል ይላሉ። ሲገዙ «ለቤት ነው» ብለው በኋላ ለታክሲ ካሰማሩት፣ ሲበላሽ ድርጅቱ መጀመሪያ የሚያየው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ነው።

«ሁሉንም ይሸፍናል» ሲባል ማመን

ሁሉንም የሚሸፍን ጋራንቲ የለም። በአገልግሎት የሚያልቁ ነገሮች ውጭ ናቸው፦ ፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ አምፖል፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ዘይትና ፊልትሮ። በዳገትና ቁልቁለት አገር ደግሞ ቶሎ የሚያልቁት እነዚሁ ናቸው። ወረቀቱ የተጻፈበትን መንገድም ይዩ። «ከሚከተሉት በቀር ሁሉም ይሸፈናል» የሚለው የተሻለ ነው። «የሚከተሉት ብቻ ይሸፈናሉ» ከሆነ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ያልተጻፈ ነገር አይሸፈንም ማለት ነው።

ከኢንሹራንስ ጋር ማምታታት

ግጭት፣ ስርቆት፣ ጎርፍ የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። ጋራንቲ ከፋብሪካው ለመጣ ጉድለት ነው። ብር ለአንዱ ብቻ ከበቃ ሙሉ ሽፋን ኢንሹራንሱን ያስቀድሙ።

ጋራንቲውን በገዛ እጅ መሻር

ሰርቪስ በጊዜው ካልተደረገና ደረሰኙ ካልተቀመጠ ጋራንቲው ዋጋ የለውም። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው ሌላ ነው። ፒክአፕ ገዝቶ ለጭነት ብሎ ባሊስትራ ማስጨመር አለ። ሽቦ ቆርጦ አላርም፣ ጂፒኤስ ወይም ተጨማሪ መብራት ማስገጠምም አለ። በኋላ የኤሌክትሪክ ችግር ሲመጣ «ሽቦው ተነክቷል» ይሉና ይመልሱዎታል፤ ችግሩ ከአላርሙ ጋር ምንም ባይገናኝም እንኳ። ከማስገጠምዎ በፊት ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

በዚያው ቀን መወሰን

«አብሽሩ ጋሼ፣ እኛ አለን አይደል!» ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። ወሎ ውስጥ ነገር ብዙ ጊዜ በቃል ነው የሚያልቀው። ግን ቃል የሰጠው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ሊቀጠር ይችላል። የውሉን ኮፒ ይዘው ወደ ቤት ይሂዱና ረጋ ብለው ያንብቡት። ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ጋራንቲ ከማለቁ በፊት ባለው ጊዜ ተጨማሪውን መግዛት ይቻላል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሳይከፍሉ ያለዎትን መብትም አይርሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያዩትን ነገር በቃል ብቻ ሳይሆን በደብዳቤ ያሳውቁ።

መኪናውን በባንክ ብድር ወይም በሙራባሃ (ባንኩ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በሚሸጥልዎት ከወለድ ነፃ አሠራር) የሚገዙ ከሆነ የጋራንቲው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ተደምሮ እንደሆነ ያጣሩ። ከተደመረ ወለዱ ወይም የባንኩ ትርፍ በእሱም ላይ ይሰላል። በጥሬ ገንዘብ ለብቻው መክፈል ይሻላል።

መሸጥንም ያስቡ። አንዳንዱ ጋራንቲ ሊብሬው ወደ ሌላ ሰው ስም ሲዞር ያበቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ በትንሽ ክፍያ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋል። የሚተላለፍ ከሆነ ሲሸጡ ዋጋ ላይ መደራደሪያ ይሆንዎታል። የማይተላለፍ ከሆነና መኪናውን በሦስት ዓመት የሚሸጡት ከሆነ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚጀምር ጋራንቲ የሚከፍሉበት ምክንያት የለም።