የተንሸራታች የግቢ በር ጎማ መቼ ይቀየራል?

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ በመሆኗ የክረምቱ ውሃ ቶሎ አይወርድም። ከመንገዱ ዝቅ ብለው በተሠሩ ግቢዎች ደጃፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃና ጭቃ ይተኛል፤ ይህ ውሃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘውም ተንሸራታቹ በር የሚሄድበትን ሀዲድና በሩን የተሸከሙትን ሁለት የብረት ጎማዎች ነው። ብዙ ሰው በሩ አልንቀሳቀስ እስኪል ድረስ እየገፋ ይኖራል። በሩ በሚቆምበት ቀን ግን የተጎዳው ጎማው ብቻ አይሆንም፤ ያለቀ ጎማ ሀዲዱን እየበላ ስለሚቆይ፣ በጥቂት ሰዓት ሊያልቅ ይችል የነበረው ሥራ ኮንክሪት ሰብሮ ሀዲድ እስከ መቀየር ይደርሳል።

የሸክሙን መጠን ማወቅ ነገሩን በቁም ነገር ለማየት ይረዳል። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 4 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከፍታ ያለው በር ላሜራው ብቻውን ከ90 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ ቱቦላሬው (የበሩ ፍሬም የሚሠራበት ባዶ ውስጥ ብረት)፣ ጌጡና ቁልፉ ሲጨመሩማ ክብደቱ በብዙ ያድጋል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለት ጎማዎችና በውስጣቸው ያሉት ኩሽኔታዎች፣ ማለትም ጎማውን የሚያሽከረክሩት ባለ ኳስ ቀለበቶች ናቸው።

በሩ መጮኹ ብቻውን ጎማው ለማለቁ ማስረጃ አይሆንም። ሀዲዱ ላይ የወደቀ ጠጠርም ያስጮኻል፤ በሩን ከላይ በግራና በቀኝ ይዘው እንዳይወድቅ የሚያደርጉት ትንንሽ ሮለሮች ሲደርቁም ይጮኻሉ። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሀዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በደንብ ይጥረጉ፤ ከዚያም በሩን በዝግታ እየገፉ ድምፁ የሚሰማበትን ቦታ ሁሉ መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ድምፁ በተመላለሱ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ችግሩ ሀዲዱ ላይ ነው፦ የተጣመመ፣ የሰመጠ ወይም ብየዳው የተላቀቀ ክፍል አለ ማለት ነው። ምልክቶቹ በእኩል ርቀት ከተደረደሩ ግን ጥፋቱ የጎማው ነው። ለምሳሌ ሀዲዱ ላይ የሚያርፈው የጎማው ቦይ ዲያሜትሩ 70 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ዙር 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በየ22 ሳንቲ ሜትሩ የሚሰማ ምት ጎማው አንድ ጎኑ ጠፍጥፎ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ያመለክታል። ይህ ፍተሻ ጠመኔና ሜትር ብቻ ስለሚጠይቅ ማንም ሰው በራሱ ሊያደርገው ይችላል፤ ያለ ጥፋቱ የሚቀየር ጎማንም ያድናል።

ከድምፁ ይልቅ እኔ የማምነው የበሩን መውረድ ነው። ከበሩ የታችኛው ቱቦላሬ እስከ ሀዲዱ ያለውን ክፍተት በሁለቱም ጎማዎች አጠገብ ይለኩ። በሩ ሲሠራ ቀጥ ብሎ የነበረ ከሆነና አሁን አንደኛው ወገን ዝቅ ካለ፣ በዚያ በኩል ያለው ጎማ ቦዩ ተበልቷል ወይም ኩሽኔታው ለቋል። ይህን ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያሳውቀው ቁልፉ ነው፤ ምላሱ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ይላል። ያን ጊዜ ቀዳዳውን በሞረድ ማስፋት የተለመደ ቢሆንም፣ ምልክቱን አጥፍቶ ሕመሙን መተው ስለሆነ አልመክረውም። በሩን በየቀኑ የሚገፋውን ጥበቃም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በሩ ከወትሮው መክበዱን ከባለቤቱ በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው።

ምልክቶቹ ወደ ጎማው ካመለከቱ በሩን ጥቂት አንሥቶ ጎማውን መፈተሽ ያስፈልጋል። ይህ ክፍል ጥንቃቄን ይጠይቃል፤ ከላይኛው ሮለር ያመለጠ የብረት በር ሰው ላይ ወድቆ ሊገድል ይችላልና። ሕፃናትን ከአካባቢው ያርቁ፤ በሩን ከሁለቱም ወገን በጠንካራ እንጨት ያስደግፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በመኪና ክሪክ ጎማው ከሀዲዱ እስኪላቀቅ ድረስ ያንሡት። ላዩን ያለውን ሮለር ለቅቆ እንዳይወጣም ከፍ ባለ ቁጥር ቀና ብሎ ማየት ይገባል። ጎማውን በእጅ ሲያሽከረክሩት ያለ ድምፅ መዞር አለበት፤ የሚንኮሻኮሽ ወይም እየያዘ የሚለቅ ከሆነ የኩሽኔታው ኳሶች ተጎድተዋል። ጎማውን ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀንቁት በግልጽ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ሽምብጥ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ከሚገኝ አንድ ግቢ የወጣ ጎማ በቅርብ ተመልክቻለሁ። አንደኛው ጠርዙ እንደ ቢላዋ ስለት ሳስቶ ነበር፤ ሌላኛው ግን እንደ አዲስ ወፍራም ነው። ጎማው ሲገለበጥ ከኩሽኔታው ውስጥ ዝገት የቀላቀለ ቡናማ ውሃ ወረደ። በአንድ ወገን ብቻ መሳሱ የሚያሳየው ጎማው ከሀዲዱ ጋር ቀጥ ብሎ አለመታሰሩን ነው፤ ይህ ሳይስተካከል አዲስ ጎማ ቢገባ እርሱም በተመሳሳይ መንገድ ያልቃል።

ጠርዙ የሳሳ፣ የተሰነጠቀ ወይም ቦዩ ጠልቆ ጠርዙ መሬት መንካት የጀመረ ጎማ ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት። ብረቱ ጤነኛ ሆኖ ኩሽኔታው ብቻ ከተጎዳ ግን ኩሽኔታውን መቀየር ይበቃል። ቁጥሩ ኩሽኔታው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ 6203 የሚለው የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ዲያሜትሩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6204 ደግሞ 20፣ 47 እና 14 ሚሊ ሜትር ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ቱ አር ኤስ (2RS) የሚል ከተጻፈበት በሁለቱም ወገን በላስቲክ የተደፈነ ነው፤ ዜድ ዜድ (ZZ) የሚለው የብረት ክዳን ያለው ነው። ጭቃና ውሃ ለሚበዛበት እንደኛ ከተማ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ጊዜ መቀየር ይሻላል፤ አንዱ አዲስ ሌላው ያረጀ ሲሆን በሩ ያዘነብላል፣ ከላይ ያሉትንም ሮለሮች ይጫናቸዋል። ጎማው በብሎን የታሰረ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። መበየድ ግድ ከሆነ ግን የብየዳው መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እንዲታሰር ለበያጁ ይንገሩት፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ካለፈ ኳሶቹ የሚሄዱበትን ገጽ ያቃጥለዋል፤ የብየዳው ሙቀትም ግራሶውንና መድፈኛውን ያበላሻል።

ሀዲዱን ያገለገለ የመኪና ዘይት መቀባት መቆም ያለበት ልማድ ነው። ዘይቱ አሸዋውን ስለሚይዘው ጎማውንም ሀዲዱንም የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ሀዲድ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ነው ጎማ የሚቆየው፤ የተደፈነ ኩሽኔታም ከውጭ በሚቀባ ዘይት አይጠቀምም።

ፍተሻው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ በግንቦት ዝናቡ ሳይገባ፣ ሁለተኛው በመስከረም መጨረሻ መሬቱ ሲጠነክር። በግንቦቱ ፍተሻ ወቅት ውሃ ሀዲዱ ላይ የሚቆምበትን ዝቅተኛ ቦታ ፈልገው፣ ከጎኑ ያለውን ኮንክሪት በጠባቡ በማስፈልፈል ውሃው ወደ ውጭ የሚወርድበትን መንገድ ያበጁለት።