ስም የሌለው የቢላ መሳያ ዕቃ እጃችሁ ሲገባ

አሮጌ ማሽን ሾፕ ውስጥ፣ ማኑዋሉ የጠፋና ስሙን የሚያውቅ ሰው የታጣለት የመሳያ ዕቃ፣ ማለትም የብረት መቁረጫ ቢላ በሚሽከረከር ድንጋይ ሲሳል የሚይዝ ዕቃ፣ ከመደርደሪያ ሥር አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሳገኝ በላምባና በለስላሳ ብሩሽ አጥበዋለሁ። ብርጭቆ ወረቀት አላስነካውም፤ የዲግሪው ጭረት ከተፋቀ ዕቃው ምንም አይረባም። ከዚያ ምን እንደሚይዝ፣ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ምን ላይ እንደሚቆም አያለሁ።

ዙሪያውን 36 ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ከኋላው ካለ ስፒን ኢንዴክሰር ነው፤ ቢላውን ይዞ በተለካ ዲግሪ የሚያዞር ዕቃ። ከቀዳዳ ቀዳዳ 10 ዲግሪ ነው፤ አካሉ ላይ ያሉት 10 ቀዳዳዎች ደግሞ አንድ አንድ ዲግሪ ይጨምራሉ። 37 ዲግሪ ስፈልግ ሰሌዳውን 30 ላይ አድርጌ ፒኑን 7 ቁጥር ላይ እከታለሁ። ባለአራት ጥርስ ኢንድ ሚል (በጫፉና በጎኑ የሚቆርጥ የፍሬዝ ማሽን ቢላ) ጫፉን የምስለው በ90 በ90 ዲግሪ እያዞርኩ ነው። ቪ ቅርጽ አልጋና የሚወዛወዝ ክንድ ያለው የፑንታ መሳያ ነው፤ ለተለመደው 118 ዲግሪ ጫፍ ግማሹ 59 ላይ ይታሰራል።

ልብ በሉልኝ የምለው ግን ትንሿን የብረት ጣት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከአንድ ሣጥን ውስጥ አግኝቼ የተሰበረ ስፕሪንግ መስላኝ ጥያታለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ቀጭን፣ ጫፏ የተሞረደ፣ በአንድ ቡሎን የምትታሰር ናት። የሚሳለው ጥርስ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ጥርሱ ጠመዝማዛ ከሆነ ጣቷ ከድንጋዩ ራስ ጋር ትታሰርና ሳትንቀሳቀስ ትቆማለች፤ ቢላው እየተንሸራተተ እላይዋ ላይ ይዞራል። ቀጥ ላለ ጥርስ ጠረጴዛው ላይም ብትታሰር ይሆናል።

ከጥርሱ ጀርባ ያለውን ክፍተት የምትሰጠውም እሷው ናት። ኩባያ ቅርጽ ባለው ድንጋይ ስሠራ ጫፏን ከቢላው መሐል እኩል አደርግና ዝቅ አደርጋታለሁ። ልኩ የቢላው ግማሽ ዲያሜትር ሲባዛ በክፍተቱ ማዕዘን ሳይን ነው፤ ለ20 ሚሜ ቢላና ለ6 ዲግሪ 1.05 ሚሜ ይመጣል።

ድንጋዩ ከጥርሱ ጀርባ ተነስቶ በስለቱ በኩል ቢወጣ ጥርሱን ወደ ጣቷ ይጫነዋል። በስለቱ ላይ ቀጭን ፍንጣቂ (የተንጠለጠለ የብረት ጠርዝ) ይተዋል እንጂ ለጀማሪ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ፍንጣቂው በዘይት ድንጋይ ይነሳል። በተቃራኒው ከዞረ ስለቱ ንጹሕ ይወጣል፣ ግን ቢላው ከጣቷ ሊላቀቅና ድንጋዩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መነጽር ሳታደርጉ ማሽኑን አታስነሡ።

ስጨርስ እያንዳንዱን ጥርስ በኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለመርፌ መለኪያ) እለካለሁ። አንዱ ከሌሎቹ 0.02 ሚሜ ከበለጠ ድንጋዩን አልወቅስም፤ የጣቷን ቡሎን አጥብቄ ከመጀመሪያው ጥርስ እደግማለሁ።