ከባድ ቃጠሎ፦ የደም ውጤት ሲነበብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባድ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው የመትረፍ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት የደም ምርመራ ይረዳል። ቁጥሩ ግን ከሰዓቱ ተነጥሎ ከተነበበ ያሳስታል።

ሰዓቱን ሆስፒታል ከተገባበት መቁጠር። 10 ሰዓት ተጉዞ የደረሰ ታካሚ «የመግቢያ ላክቴት» (ላክቴት ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር ነው) የሚባለው የ10ኛው ሰዓት ላክቴት ነው። ወዲያው ከደረሰ ሰው ውጤት ጋር አይወዳደርም። አስታማሚው «3 ሰዓት ላይ ተቃጠለ» ሲል በአገር አቆጣጠር ነው፤ ካርዱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደ 3 ሰዓት ከሰፈረ የ6 ሰዓት ስህተት ይገባል። ይህ ስህተት የፈሳሽ ስሌቱንም ያበላሻል፤ በፓርክላንድ ቀመር (ለተቃጠለ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ፈሳሽ በሚሰላበት) ግማሹ ፈሳሽ የሚሰጥባቸው 8 ሰዓታት የሚቆጠሩት ከተቃጠለበት ሰዓት ጀምሮ ነውና።

በአንድ ላክቴት መፍረድ። ከምንም በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው። በቃጠሎ መጀመሪያ ላይ ላክቴት ከ2 ሚሊሞል በሊትር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ስለ ታካሚው ዕጣ ይበልጥ የሚናገረው ፈሳሽ እየተሰጠ በ24 ሰዓት ውስጥ መውረድ አለመውረዱ ነው። ስለዚህ በየ4 ወይም 6 ሰዓቱ ይደገም፤ ከሽንት መጠንና ከቤዝ ዴፊሲት (ደሙ ምን ያህል አሲድ እንደበዛበት ከሚያሳየው ልኬት) ጋርም ይታይ። አድሬናሊን በደም ሥር የሚሰጠው ታካሚ የደም ዝውውሩ ሳይጓደልም ላክቴቱ ሊጨምር ይችላል።

ናሙናውም ራሱ ይዋሻል። ተራ ቱቦ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የቆየ ደም ላክቴት ማምረቱን አያቆምም፤ ቀይ የደም ሴሎች ግሉኮስ መፍጨታቸውን ይቀጥላሉና። ፍሎራይድ ያለበት ግራጫ ክዳን ቱቦ ይጠቀሙ፤ ከሌለ ናሙናው በረዶ ላይ ሆኖ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይመርመር።

በዝግ ቤት ውስጥ ጭስ የተነፈሰ ሰው ላክቴቱ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሲያናይድ መመረዝ ይጠርጠር። መመረዙ መድኃኒት ያለው ችግር ስለሆነ «አይተርፍም» ተብሎ መተው የለበትም። ማርከሻው ሃይድሮክሶኮባላሚን ከመሰጠቱ በፊት ግን ደም ይቀዳ፤ መድኃኒቱ ደሙን ስለሚያቀላው የክሪያቲኒንን (የኩላሊት ምርመራን) ጨምሮ በቀለም የሚለኩ ምርመራዎችን ያዛባል።

ዝቅተኛ አልቡሚንን (የደም ፕሮቲን ነው) የምግብ እጥረት ማለት። የአልቡሚን ዕድሜ አጋማሽ (ግማሹ የሚወገድበት ጊዜ) 20 ቀን ገደማ ነው፤ በምግብ እጥረት በአንድ ቀን አይወርድም። በቃጠሎ በሰዓታት ውስጥ የሚወርደው የደም ሥሮች ስለሚያፈሱትና የሚሰጠው ፈሳሽ ስለሚያቀጥነው ነው። የጉዳቱን ክብደት ይጠቁማል፤ ምግቡ መሥራቱን ለማወቅ ግን አይረዳም።

የ3ኛውን ቀን ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሴሎች ቁጥር) አይቶ መደንገጥ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መውረዱ የሚጠበቅ ነው፤ ከዚያ ያገግማል፣ በሁለተኛው ሳምንት ከመደበኛው በላይ ሊወጣም ይችላል። የሚያሰጋው ወርዶ የቀረው፣ ወይም አገግሞ እንደገና የወደቀው ነው፤ ያኔ ሴፕሲስ (በኢንፌክሽን ምክንያት መላ ሰውነት ለአደጋ የሚጋለጥበት ሁኔታ) ይፈለግ። የአሜሪካ የቃጠሎ ማኅበር የ2007 መስፈርትም ከ100,000 በታች የሆነ ፕሌትሌትን የሴፕሲስ ምልክት አድርጎ የሚቆጥረው ከ3ኛው ቀን በኋላ ነው። ከመታመም ምልክቱ ጋር የማይሄድ ዝቅተኛ ቁጥር ሲመጣ ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ተጣብቀው እንዳይሆን ስላይድ ይታይ፤ ካስፈለገ በሲትሬት ቱቦ ይደገም።

የነጭ ደም ሴል መውረድን ሁልጊዜ ከኢንፌክሽን ጋር ማያያዝ። ሲልቨር ሰልፋዲያዚን በተቀባ ቁስል ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቅባቱ ሳይቆም ይመለሳል። ፕሮካልሲቶኒንም (ኢንፌክሽንን ለመጠቆም የሚለካ የደም ፕሮቲን) በቃጠሎው ብቻ ስለሚጨምር፣ ከአንድ ውጤት ይልቅ ከወረደ በኋላ እንደገና መውጣቱ ይታይ።

ዕድሜንና የቃጠሎውን ስፋት መርሳት። የተሻሻለው ባክስ ነጥብ (ከፍ ባለ ቁጥር የመሞት ዕድሉ መጨመሩን የሚያሳይ) ደም አይጠይቅም፦ ዕድሜ ሲደመር የተቃጠለው የሰውነት መቶኛ፣ ጭስ የመተንፈሻ አካልን ከጎዳ 17 ይጨመራል። የ40 ዓመት ሰው፣ 45 በመቶ ቃጠሎ፣ ከጭስ ጉዳት ጋር 102 ይሆናል። አንደኛ ደረጃ ቃጠሎ፣ ማለትም መቅላት ብቻ፣ ከመቶኛው ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ይህ ነጥብ ይሰላ፤ የደም ውጤቱ በእሱ ላይ ተጨምሮ ይነበብ።