የእናትን ዕቃና ትዝታ ስለ ማቆየት

እናት ካረፈች በኋላ ዕቃዋን ለመከፋፈል መቸኮል አይገባም፤ ቢያንስ የ40 ቀኑ ተዝካር እስኪያልፍ ሳጥኗ ተዘግቶ ቢቆይ ይመረጣል። ከዚያም ልጆቿ ሁሉ ባሉበት ይከፈትና፣ ዕቃው አንድ በአንድ ሲወጣ የሚያውቀው ሰው ታሪኩን ሲናገር ሌላው በስልክ ይቅረጸው።

የጥጥ ቀሚስና ነጠላ ታጥቦ፣ በጥላ በደንብ ደርቆ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት አምቆ ስለሚያሻግት አይሆንም። ጥለቱ በታጠፈበት መስመር እንዳይሰነጠቅ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አስተጣጠፉን መለወጥ ያስፈልጋል። አንድ ሻሽ ግን ሳይታጠብ ይቅር። እኛ ቤት ሁሉም በቅንነት ታጥቦ ስለ ነበር፣ የቅቤውና የአደሱ ጠረን ከሳሙናው ጋር አብሮ ሄደ።

በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ስምና ዓመት በእርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፍ፤ ውጭ አገር ያደጉ የልጅ ልጆች እንዳይሳሳቱ የዘመን አቆጣጠሩም ይጠቀስ።

ከሁሉም የሚከብደው የእጇ ሙያ ነው። በርበሬዋን በእፍኝ እንጂ በኪሎ ለክታ ስለማታውቅ፣ አብራት ስትደልዝ የኖረች አክስት በራሷ እፍኝ እየዘገነች ስታዘጋጅ፣ ኮረሪማውም ነጭ ሽንኩርቱም ከመጨመሩ በፊት በሚዛን ተመዝኖ ይመዝገብ።